መጀመሪያ የሚቀነሰው የማይጮኸው ነው፦ የመንግሥት ወጪ ቅነሳና የሕዝብ ጤና

አንድ መንግሥት መቀነቱን ለማጥበቅ ሲነሳ በጤና በጀት ፊት ተቀምጦ ጠቃሚውን ሕክምና ከማይጠቅመው ሲለይ አይውልም። ጊዜውም የለውም። ገንዘብ ሚኒስቴር የሚፈልገው በሩብ ዓመቱ መጨረሻ የሚታይ ቁጥር ነው። ስለዚህ መቀሱ የሚያርፈው ቆራጩን ብዙም በማያስቸግረው ቦታ ላይ ነው፦ የሠራተኛ ማኅበር የማይሟገትለት፣ ውል ያላሰረው፣ ዛሬ ቢቀር ዛሬ ሰው የማይሞትበት ወጪ። የመሣሪያ ጥገና፣ የመስክ ቁጥጥር፣ የወባ ትንኝ ኬሚካል ርጭት፣ መድኃኒት ያቋረጠን ታካሚ ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚፈልግ ሠራተኛ አበል። እነዚህ አይጮኹም። ስለ ቁጠባና ጤና የሚደረገው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ "ስንት ተቀነሰ?" ላይ ይቆማል። ጉዳቱን በዋነኛነት የሚወስነው ግን ከየት እንደተቀነሰ ነው።

ነገሩ የሰሞኑ ጉዳይ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ድርጅት በ2024 ባወጣው ስሌት (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) 3.3 ቢሊዮን ሕዝብ የሚኖረው ለጤና ወይም ለትምህርት ከሚያወጡት በላይ ለዕዳ ወለድ በሚከፍሉ አገሮች ነው። በዚያ ላይ የ2025 የእርዳታ ቅነሳ መጣ። አሜሪካ በጥር ወር የውጭ እርዳታዋን አገደች፤ በሐምሌ የልማት እርዳታ ድርጅቷን ዩኤስኤአይዲን ዘጋች። ብሪታንያም ከብሔራዊ ገቢዋ 0.5 በመቶ የነበረውን የእርዳታ ድርሻ በ2027 ወደ 0.3 በመቶ እንደምታወርድ በየካቲት አስታወቀች። እርዳታ ሲቆም የሚሆነውም ከአገር ውስጥ በጀት ቅነሳ ብዙ አይለይም፤ የሚለየው ፍጥነቱ ነው። መድኃኒቱ መጋዘን አለ፣ የሚያደርሰው ሾፌር ግን ውሉ ተቋርጧል። የደም ናሙናው ተቀድቷል፣ ወደ ላቦራቶሪ የሚያመላልሰው ሞተረኛ የለም።

ከመቶው የሚነካው ሃያ ሁለቱ

የአንድ ሆስፒታል ዓመታዊ በጀት 100 ነው እንበል። ለአብነት ያህል እንዲህ እንደልድለው፦ ደመወዝ 65፣ መድኃኒትና የላቦራቶሪ ግብዓት 15፣ መብራት፣ ውሃና ነዳጅ 8፣ የታካሚ ምግብና ጽዳት 5፣ ጥገና 4፣ ትራንስፖርት፣ ሥልጠናና የመስክ ቁጥጥር 3። አሁን "10 በመቶ ቀንሱ" የሚል ደብዳቤ መጣ።

ደመወዝ በሕግና በውል የታሰረ ነው፤ የሒሳብ ኃላፊው አይነካውም። ስለዚህ አሥሩ የሚወጣው ከቀሪው 35 ነው። መብራት ካልተከፈለ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ይዘጋል፣ የተኛ ሰው ደግሞ መብላት አለበት፤ እነዚህ 13ቱም ይታለፋሉ። የቀረው 22 ነው። ከ22 ላይ 10 ሲነሳ ቅነሳው 45 በመቶ ሆነ ማለት ነው። ጥገናው ከ4 ወደ 1፣ ትራንስፖርትና ቁጥጥሩ ከ3 ወደ 1 ወርዶም ገና 5 ይጎድላል። ያ አምስት ከመድኃኒት ይነሳና አሥራ አምስቱ አሥር ይሆናል። በወረቀት ላይ "አሥር በመቶ" የተባለው ፋርማሲው መስኮት ላይ ሲደርስ ሲሶ ሆኗል።

የዚህ ውጤት ከቁጠባ ይልቅ ወደ ብክነት የቀረበ ነው። ሆስፒታሉ ለቀዶ ሐኪሙ፣ ለነርሱና ለላቦራቶሪ ባለሙያው ሙሉ ደመወዝ እየከፈለ የመስፊያ ክር፣ ጓንትና የመመርመሪያ ኬሚካል ያጣል። ስልሳ አምስቱ እንዳለ ይወጣል፤ የሚሠራለት ሥራ ግን በክሩ ልክ ነው።

ደመወዙን ለመንካት የሚሞክሩ መንግሥታት የሚመርጡት አዲስ ቅጥር ማገድን ነው፤ ማንንም ማባረር ስለማይጠይቅ። ችግሩ እገዳው ማን እንደሚለቅ አይመርጥም። የሚለቀው ሌላ ቦታ ቶሎ ሥራ የሚያገኘው ነው፦ የሰመመን ባለሙያ፣ የፅኑ ሕሙማን ነርስ፣ አዋላጅ። አንድ የሰመመን ባለሙያ ሲሄድ ሦስት ቀዶ ሐኪሞች ያለ ሥራ ሊቀመጡ ይችላሉ፤ በደመወዝ መዝገቡ ላይ ግን የታየው የአንድ ሰው ቅናሽ ብቻ ነው።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ የሚመስለው ካለ እንግሊዝን ይመልከት። ከ2014 እስከ 2019 ባሉት የበጀት ዓመታት ለሕንፃና ለመሣሪያ ከተያዘው የካፒታል በጀት ከ4 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ወደ ዕለታዊ ሥራ ማስኬጃ ተዛወረ። ወረፋውን ለጊዜው ለመግፋት ረድቷል። በ2023/24 የበጀት ዓመት የእንግሊዝ የመንግሥት ሆስፒታሎች ውዝፍ የጥገና ሥራ 13.8 ቢሊዮን ፓውንድ ደርሶ ነበር። የሚያፈስ ጣራና ያረጀ የኤሌክትሪክ መስመር እያደሩ ይከብዳሉ እንጂ አይቀሉም።

ኳሷ አምስት ላይ ቆማለች

ጥገና ሲቀር የሚሆነውን በአንድ ዕቃ ላይ ቀረብ ብሎ ማየት ይሻላል። የኦክስጅን ኮንሰንትሬተር በሳንባ ምች የታመሙ ሕፃናት የሚታከሙበት ክፍል ውስጥ የሚቀመጥ፣ የትንሽ ፍሪጅ ያህል ሳጥን ነው። የክፍሉን አየር ይስባል። አየሩ 21 በመቶ ኦክስጅን ነው፤ ቀሪው ከሞላ ጎደል ናይትሮጅን። መጭመቂያው አየሩን ዚዮላይት በሚባል ማዕድን በተሞሉ ሁለት ቱቦዎች እያፈራረቀ ይገፋዋል፤ ማዕድኑ ናይትሮጅኑን ይይዛል፤ በሌላው ጫፍ 93 በመቶ ገደማ ንጹሕ የሆነ ኦክስጅን ይወጣል። ንጽሕናው ከ82 በመቶ በታች ከወረደ መሣሪያው ለሕክምና አይሆንም።

መሣሪያው ብዙ አይጠይቅም። የውጪው የአቧራ ማጣሪያ በየሳምንቱ በሳሙናና በውሃ ታጥቦ፣ ደርቆ ይመለሳል። የውስጡ ማጣሪያ በአምራቹ መመሪያ መሠረት ይቀየራል። በየጥቂት ወሩ አንድ የባዮሜዲካል ባለሙያ በእጅ የሚያዝ መለኪያ ይዞ መጥቶ የሚወጣውን ኦክስጅን ንጽሕና ይለካል። ይኸው ነው።

የጥገናና የትራንስፖርት መስመሩ ሲቆረጥ መለኪያ የያዘው ባለሙያ አይመጣም፤ መለዋወጫ ማጣሪያም አይገዛም። አቧራ የደፈነው ማጣሪያ አየር ስለማያሳልፍ መጭመቂያው ይግላል። እርጥበት የገባበት ዚዮላይት ናይትሮጅን መያዝ ይተዋል። መሣሪያው ግን አይቆምም፤ ይጮኻል፣ አየር ይገፋል፣ የፍሰት መለኪያዋ ኳስ በደቂቃ 5 ሊትር ላይ እንደቆመች ናት። ነርሷ የምታየው ይህችን ኳስ ነው። ኳሷ የምትናገረው ምን ያህል አየር እንደሚወጣ እንጂ ምን ዓይነት አየር እንደሆነ አይደለም። ማስጠንቀቂያ መብራት ያላቸው መሣሪያዎች አሉ፤ ለወራት በርቶ የቆየ መብራት ግን ከግድግዳው ጋር ይመሳሰላል።

የሕፃኑ የደም ኦክስጅን መጠን 84 ላይ ነው፤ ከ90 አላለፈም። ነርሷ ፍሰቱን ትጨምራለች፤ ለውጥ የለም። "በሽታው ጠንቶበታል" ይባልና ሪፈር ይጻፋል፤ ወይም ለሪፈር አይደርስም። በመዝገቡ ላይ የሚሰፍረው የሞት ምክንያት ሳንባ ምች ነው። "ያልታጠበ ማጣሪያ" የሚል የሞት ምክንያት በየትኛውም አገር ቅጽ ላይ የለም። የቁጠባን ጉዳት በቁጥር መያዝ የሚያስቸግርበት አንዱ ምክንያት እዚህ ነው፤ የሞቱ ሰዎች በሌላ ስም ይመዘገባሉ።

ኒው ዮርክ በቲቢ የከፈለችው

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። የሳንባ ነቀርሳ ታሪክ ይህንኑ በገንዘብ ያሳያል፤ ሒሳቡም የተሟላ ነው።

ኒው ዮርክ ከተማ በ1975 ለኪሳራ አፋፍ ላይ ደርሳ ነበር። በዚያ አሥር ዓመት የቲቢ ክሊኒኮችና ክትትሉ ላይ የሚወጣው ገንዘብ ተሸረሸረ። በቀላሉ ሊታመን የሚችል ምክንያትም ነበረው፦ በሽታው ለዓመታት እየቀነሰ መጥቶ በ1978 የተመዘገቡት ታማሚዎች 1307 ብቻ ነበሩ። እየጠፋ ላለ በሽታ ማን በጀት ይሟገታል?

የቲቢ ሕክምና ግን የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። መደበኛው ሕክምና 6 ወር ይወስዳል፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት መድኃኒቶች፣ ከዚያ ለ4 ወራት ሁለት። ታካሚው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሳሉ ይቀልለታል፣ ኪሎው ይመለሳል፣ "ድኛለሁ" ይላል። ባክቴሪያው ግን አላለቀም። በዚህ ጊዜ መድኃኒቱን ካቋረጠ የሚተርፉት የተላመዱት ናቸው፤ እነሱን ደግሞ ለሌላ ሰው ያስተላልፋል። ታካሚውን እስከ ስድስተኛው ወር የሚያደርሰው ክትትሉ ነው፦ ቀጠሮ የቀረውን የሚፈልግ፣ ሲውጥ ቆሞ የሚያይ ሰው። የተቆረጠውም እሱ ነበር። በ1988 ሃርለም በሚባለው የከተማዋ ሰፈር በተደረገ ጥናት በቲቢ ታክመው ከሆስፒታል ከወጡት 10 ታካሚዎች ወደ 9 የሚጠጉት ሕክምናቸውን ሳይጨርሱ ከክትትል ጠፍተዋል።

ኤች አይ ቪ፣ ቤት አልባነትና የተጨናነቁ እስር ቤቶች ተጨመሩበት። በ1992 የታማሚዎቹ ቁጥር 3811 ደረሰ፤ ከነሱም ብዙዎቹ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ነበራቸው። ከተማዋ ከዚያ በኋላ ያደረገችው አዲስ ግኝት አልነበረም፤ የተቆረጠውን ሥራ በሰፊው መልሳ ጀመረች። የክትትል ሠራተኞች ታካሚውን በመጠለያም፣ በመናፈሻም፣ በድልድይ ሥርም እየፈለጉ መድኃኒቱን በዓይናቸው ፊት ያስውጡት ጀመር። በሁለት ዓመት ውስጥ በ1994 ቁጥሩ በ21 በመቶ ወረደ። የወረርሽኙ አጠቃላይ ወጪ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደነበር በወቅቱ ተገምቷል። የክትትል ሠራተኛ አበል በዚህ ሚዛን ላይ ሲቀመጥ አይታይም።

ትንሽ ክፍያ ማንን ያስቀራል?

መንግሥት ወጪውን የሚያቀልበት ሁለተኛው መንገድ ከታካሚው ኪስ መውሰድ ነው፤ የካርድ ክፍያ፣ የመድኃኒት ድርሻ፣ የአልጋ። የሚቀርበው ክርክር ሁሌም አንድ ነው፦ "ሰው ትንሽ ከከፈለ ያለ ምክንያት አይመጣም።" ይህ ሐሳብ በአግባቡ ተፈትኗል። አሜሪካ ውስጥ ከ1974 እስከ 1982 ድረስ ራንድ በተባለ የምርምር ተቋም በተካሄደው ሙከራ 2750 ቤተሰቦች በዕጣ የተለያየ የክፍያ መጠን ተመደበላቸው። የከፈሉት በእርግጥም በትንሹ ታከሙ። ነገር ግን የቀነሱት ጠቃሚውንም የማይጠቅመውንም ሕክምና በተመሳሳይ መጠን ነበር። በአማካይ ሰው ጤና ላይ ብዙ ለውጥ አልታየም፤ ድሃ ሆነው የደም ግፊት ያለባቸው ግን በነፃ ከታከሙት አቻዎቻቸው የባሰ ግፊት ነበራቸው።

ለምን እነሱ? ግፊት አያምም። ኪሱ የሳሳ ሰው ከሁለት መድኃኒት አንዱን ምረጥ ሲባል የሚያመውን የሚያስታግሰውን ይገዛል፤ የማያመውን ለሚቀጥለው ወር ያቆያል። የስኳር ታማሚውም ኢንሱሊኑን ያብቃቃል፤ የሁለት ሳምንቱን ለሦስት። ከዚያ ደሙ አሲድ ሆኖ በድንገተኛ ክፍል በኩል ይመለሳል። ያን ጊዜ የሚያርፍበት አልጋ ከወራት ኢንሱሊን ይበልጥ ውድ ነው፤ ክፍያውን የጣለው መንግሥትም ያንን አልጋ ይከፍላል።

ከራንድ ውጤት ጋር የሚሄዱ ሌሎችም አሉ። ኬንያ በ1989 መጨረሻ የተመላላሽ ታካሚ ክፍያ ስትጀምር በናይሮቢ አንድ የአባላዘር በሽታ ማዕከል የሚመጡ ወንዶች ወደ ቀድሞው 40 በመቶ፣ ሴቶች ወደ 65 በመቶ ወረዱ። ከዘጠኝ ወር በኋላ ክፍያው ቀረ፤ በእነዚያ ወራት ሳይታከሙ የቀሩት ሰዎች ግን በሽታውን ይዘው ቤታቸው አልተቀመጡም። በዚያው አገር ለነፍሰ ጡሮች በተደረገ ሌላ ሙከራ የወባ አጎበር ዋጋ ከነፃ ወደ 60 የአሜሪካ ሳንቲም ሲወጣ የሚወስዱት ሰዎች ድርሻ በ60 የመቶኛ ነጥብ ተንኮታኮተ።

የሚሰበሰበውስ? በ1980ዎቹና 90ዎቹ በአፍሪካ የተጀመሩት የታካሚ ክፍያዎች በአማካይ የሸፈኑት ከመደበኛው የጤና ወጪ 5 በመቶ ያህሉን ነበር። ከዚያ ላይ የገንዘብ ተቀባዩ ደመወዝ፣ ደረሰኙና ኦዲቱ ይቀነሳል።

"ድሃው ነፃ ይሁን" የሚለው መፍትሔም ወረቀት ላይ ያምራል። ታካሚው ድሃ መሆኑን የሚያስረዳ ደብዳቤ ለማግኘት አንድ ወይም ሁለት ቀን ይመላለሳል፤ የቀን ሠራተኛ ለሆነ ሰው ያ ራሱ ከክፍያው በላይ ነው። ከዚህ የከፋው በጤና ተቋሙ በኩል ያለው ስሌት ነው። ማዕከላዊ መንግሥት በነፃ ለታከሙት ሰዎች ገንዘቡን ካልተካ፣ ተቋሙ ነፃ ባደረገው ሰው ቁጥር ልክ ይከስራል። እንዲህ ያለ ተቋም ደብዳቤውን በቸርነት አያነብም። ነፃ ታካሚን በተመለከተ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ "ሕጉ ይፈቅዳል ወይ?" ሳይሆን "ወጪውን ማን፣ በስንት ወር ውስጥ ይተካል?" የሚለው ነው።

ግሪክ፣ ከነግራ ቀኙ

የዚህ ዘመን ዋናው መማሪያ ግሪክ ናት፤ ስለ እሷ ግን ብዙ ጊዜ የሚነገረው ግማሹ ነው። በግንቦት 2010 ከአውሮፓ ኮሚሽን፣ ከአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክና ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ጋር በተገባው ስምምነት የመንግሥት የጤና ወጪ ከአገር ውስጥ ምርት 6 በመቶ እንዳያልፍ ታሰረ። የተመላላሽ ክፍያ በ2011 ከ3 ወደ 5 ዩሮ አደገ። በ2014 መጀመሪያ ለሚተኛ ታካሚ 25 ዩሮ ተጥሎ በተነሳው ቁጣ በቀናት ውስጥ ተሰረዘ።

ከሁሉም የበለጠ የጎዳው ግን ክፍያው አልነበረም። የጤና መድህኑ ከሥራ ጋር የተያያዘ ስለነበር ሥራ ያጣ ሰው የተወሰነ ጊዜ ቆይቶ ሽፋኑም ይቋረጥበታል። ከ11 ሚሊዮን ሕዝብ ውስጥ ወደ 2.5 ሚሊዮን የሚጠጋው ያለ መድህን ቀረ። ሽፋንን ከሥራ ጋር የሚያስር ሥርዓት ሁሉ ይህ ጉድጓድ አለው፤ ሰው መድህን በጣም በሚያስፈልገው ጊዜ ያጣዋል።

መርፌ በሚጋሩ የአደንዛዥ ዕፅ ተጠቃሚዎች ዘንድ በ2009 የተመዘገቡት አዲስ የኤች አይ ቪ ተጠቂዎች 15 ነበሩ፤ በ2012 ደግሞ 484። የንጹሕ መርፌ ስርጭቱ ከቀውሱ በፊትም ቀጭን ነበር፤ ቅነሳው ያገኘው ያንን ቀጭን ገመድ ነው። በአቴንስ ከ2012 እስከ 2013 ተጠቃሚዎቹን እርስ በርሳቸው እያጠራሩ የሚመረምርና ወደ ሕክምና የሚያገናኝ አሪስቶትል የተባለ ፕሮግራም ሲጀመር፣ አዲስ የመያዝ መጠን በ78 በመቶ ወረደ። ሩማንያም ለኤች አይ ቪ፣ ለቲቢና ለወባ ገንዘብ የሚሰጠው ግሎባል ፈንድ በ2010 ሲወጣ ተመሳሳይ ነገር ገጥሟት በማግስቱ ዓመት ቡካሬስት ውስጥ በዚሁ የሕዝብ ክፍል ዘንድ ኤች አይ ቪ አሻቀበ።

አሁን ሌላው ግማሽ። ግሪክ ከቀውሱ በፊት ለመድኃኒት የምታወጣው ያለ ልክ ነበር፤ በ2009 ከ5 ቢሊዮን ዩሮ አልፎ ነበር፤ በ2014 ወደ 2 ቢሊዮን ወረደ። ከዚህ ብዙው የመጣው ከዋጋ ድርድር፣ ከኤሌክትሮኒክ የመድኃኒት ማዘዣና ሐኪሞች በንግድ ስም ፋንታ በመድኃኒቱ መጠሪያ እንዲያዝዙ ከማድረግ ነው። እነዚህ ቀውስ ባይኖርም መሠራት የነበረባቸው ናቸው። ከቅነሳው የተወሰነው ደግሞ በታካሚው ድርሻ ላይ ተጭኗል። ሁለቱን በአንድ ቃል "ሪፎርም" ማለትም ሆነ በአንድ ቃል "ጭካኔ" ማለት ትክክል አይመስልም።

ሁሉንም በቁጠባ ማሳበብ አይቻልም

የኢኮኖሚ ድቀትና የወጪ ቅነሳ አብረው ስለሚመጡ የአንዱ ሥራ ለሌላው ይለጠፋል። ድቀት ራሱ በሁለት አቅጣጫ ይሠራል። ለአሥርተ ዓመታት በ26 የአውሮፓ አገሮች መረጃ ላይ ተመሥርቶ በ2009 የወጣ ጥናት ሥራ አጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ከ65 ዓመት በታች ባሉት ዘንድ ራስን ማጥፋት በ0.79 በመቶ እንደሚጨምር፣ በመኪና አደጋ የሚደርስ ሞት ደግሞ በ1.39 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሰው ሥራ ሲያጣ መንዳት ይቀንሳል። በጥናቱ ሥራ አጦችን ወደ ሥራ ለመመለስ ብዙ በሚያወጡ አገሮች ራስን የማጥፋቱ ጭማሪ ደካማ ነበር። ልዩነቱን የሚያመጣው እንግዲህ ይህ ነው፤ ሥራ አጥነቱን መንግሥት ሁልጊዜ ላያስቆመው ይችላል፣ ሥራ ያጡትን የሚደግፈውን መረብ ግን ይዘረጋል ወይም ይጠቀልላል።

የብሪታንያ አማካይ የዕድሜ ጣሪያ ከ2010 በኋላ ዕድገቱ መገታቱ ብዙ ያከራክራል። በየአካባቢ ምክር ቤቶች በኩል የሚወጣው የመከላከል በጀት ከ2015 በኋላ በነፍስ ወከፍ ሩብ ያህል ተሸርሽሯል፤ የአረጋውያን እንክብካቤም ተቆርጧል። በሌላ በኩል የልብ በሽታ ሞት የሚቀንስበት ፍጥነት በሌሎች ሀብታም አገሮችም ተዳክሞ ነበር፤ ከባድ የጉንፋን ክረምቶችም ነበሩ። መቀዛቀዙ በድሃ አካባቢዎች መባሱ ግን በጉንፋን ብቻ የሚብራራ አይመስለኝም።

በጀቱ ጨመረ ሲባል ምን ይጠየቅ?

ቅነሳ ሁሌ "ቅነሳ" ተብሎ አይታወጅም። የጤና በጀቱ በ8 በመቶ አደገ ይባላል። በዚያው ዓመት የዋጋ ንረቱ 20 በመቶ፣ የሕዝብ ዕድገቱ 2.5 በመቶ ከሆነ ስሌቱ ይህ ነው፦ 1.08 ለ1.20 ሲካፈል 0.90፤ እሱ ለ1.025 ሲካፈል 0.878። ለአንድ ሰው የሚደርሰው 12 በመቶ ቀንሷል። ብራዚል በታኅሣሥ 2016 በሕገ መንግሥት ማሻሻያ የፌዴራል ወጪ ለ20 ዓመት ከዋጋ ንረት በላይ እንዳያድግ ስታስር የሆነው የዚህ ዘመድ ነው፤ "አልቀነስንም" ማለት ይቻላል፣ ሕዝቡ ግን ይበዛል፣ ያረጃልም። ማሻሻያው በ2023 በሌላ የበጀት ሕግ ተተካ።

የምንዛሪ ለውጥ ደግሞ ከዋጋ ንረት ቀድሞ መድኃኒት ቤት ይደርሳል። በላይኛው ምሳሌ ከመድኃኒቱ 15 ውስጥ 12ቱ ከውጭ የሚገባ ቢሆንና የውጭ ገንዘብ ዋጋ በእጥፍ ቢጨምር ያንኑ ለመግዛት 27 ያስፈልጋል። ማንም አንድ ሳንቲም ሳይቀንስ ክምችቱ በግማሽ ሊቀር ነው።

ከተፈቀደው ውስጥ የተለቀቀው ስንት ነው? መቼስ ተለቀቀ? በዓመቱ የመጨረሻ ወር የመጣ የመድኃኒት ገንዘብ ግዢው ሳያልቅ ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል። ለአቅራቢዎች ያልተከፈለ ዕዳም መታየት አለበት፤ ሆስፒታሉ በስድስት ወር የሚከፍል ከሆነ አቅራቢው የስድስት ወሩን ወለድ በሚቀጥለው ጨረታ ዋጋ ላይ ይጨምረዋል።

የሞት ቁጥር ዘግይቶ ነው የሚመጣው፤ ከሱ በፊት የሚታዩ ምልክቶች አሉ። አስፈላጊ መድኃኒት ያለቀባቸው ቀናት በወር ስንት ናቸው? ከቀጠሯቸው የቀሩ የቲቢና የኤች አይ ቪ ታካሚዎች? የአምስት በሽታዎች ክትባትን የመጀመሪያ ዙር ከወሰዱ 1000 ሕፃናት ሦስተኛውን የወሰዱት 870 ከሆኑ የማቋረጥ መጠኑ 13 በመቶ ነው፤ ከ10 በመቶ ሲያልፍ አገልግሎቱ የሆነ ቦታ ተበጥሷል ማለት ነው። ከታካሚ ኪስ የሚወጣው ከአገሪቱ ጠቅላላ የጤና ወጪ ከ15 እስከ 20 በመቶ ሲያልፍ በሕክምና ምክንያት የሚደኸዩ ቤተሰቦች መብዛት ይጀምራሉ።

ገንዘቡ እውነትም ከሌለ

አንዳንድ ጊዜ የለም። ያን ጊዜ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። መጀመሪያ የግዢ ዋጋ ይነካ፦ በመድኃኒቱ መጠሪያ ማዘዝ፣ ሆስፒታሎች ተባብረው በአንድ ጨረታ መግዛት፣ ለአቅራቢ በጊዜ መክፈል። ቀጥሎ አዲስ ሕንፃ ይዘግይ፤ ያለው ጣራ ይጠገን። የክትባት፣ የቲቢ፣ የኤች አይ ቪ፣ የእናቶችና የጥገና መስመሮች ከማዛወር ይከለከሉ፤ ይህን በመመሪያ መጻፍ ገንዘብ አይጠይቅም። ቅጥር ሲታገድም ምትክ የማይገኝላቸው ሙያዎች በስም ተለይተው ከእገዳው ይውጡ።

በገቢ በኩል የትምባሆ ግብር አለ። ዋጋው በ10 በመቶ ሲጨምር ፍጆታው በ4 ወይም በ5 በመቶ ይቀንሳል፤ ከዋጋው ጭማሪ ያነሰ ስለሆነ ገቢው ያድጋል። ፊሊፒንስ በ2012 ባወጣችው ሕግ ከትምባሆና ከመጠጥ ከተገኘው ተጨማሪ ገቢ አብዛኛውን ለጤና፣ በተለይም የድሆችን መድህን ለመክፈል አውላዋለች።

ነፃ ማድረግም ዝግጅት ይፈልጋል። ኡጋንዳ በመጋቢት 2001 በመንግሥት ጤና ተቋማት ክፍያ ስታነሳ ታካሚው ጎረፈ፤ ብዙዎቹም ድሆች ነበሩ። መድኃኒቱ ግን ቶሎ ያልቅ ጀመር፤ ከክፍያው ይሸፈኑ የነበሩ የጽዳትና የረዳት ሠራተኞች ክፍያም ተቋረጠ። ክምችቱ ከአዋጁ መቅደም ነበረበት።

መመለሱ ከመቁረጡ ይረዝማል። ስፔን በሚያዝያ 2012 በአዋጅ ወረቀት የሌላቸውን ስደተኞች ከመደበኛው የሕክምና ሽፋን አስወጣች፤ ያን ለመመለስ እስከ 2018 ቆየች። ግሪክ መድህን የሌላቸውን ወደ መንግሥት ሆስፒታል የመለሰችው በ2016 ነው። ፖርቱጋል በ2012 መግቢያ የጤና ጣቢያ ክፍያን ከ2.25 ወደ 5 ዩሮ ከፍ አድርጋ አብዛኛውን ያነሳችው በሰኔ 2022 ነው፤ ያለ ሪፈር ወደ ድንገተኛ ክፍል ለሚመጡት አሁንም አለ። እነዚህ በፊርማ የተቆረጡና በፊርማ የተመለሱ ናቸው። በእነዚያ ዓመታት ወደ ጀርመንና ወደ ብሪታንያ የሄዱት የግሪክ ሐኪሞችና የፖርቱጋል ነርሶች ግን በዚያ ቤት ተከራይተዋል፣ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት አስገብተዋል፤ በነሱ ቦታ አንድ ስፔሻሊስት አሠልጥኖ ለማቆም ከሕክምና ትምህርት ቤት በር ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ ይወስዳል።